የጋሩፋልያ ሚዛንና የፎኪስ ብር

ጋሩፋልያ ስታሜሉ ልትፈታው የተነሳችው ጥያቄ ይህ ነበር፦ የዴልፊን ቤተ መቅደስ ዘርፈው ገንዘብ ያተሙት የጥንት ፎኪሶች፣ ከገንዘቡ ብር አጉድለዋል ወይስ አላጎደሉም?

ነገሩ ከሆነ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል። ለእሷ ግን የትናንት ያህል ትኩስ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራችው ሥራም ሌላ አልነበረም፤ አጉድለዋል ወይስ አላጎደሉም እያሉ መመርመር።

በኪፊሶስ ሜዳ፣ ከፓሊዮሚሎስ መንደር ወጣ እንዳሉ፣ የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ አለ። ጋሩፋልያ የዚያ ፋብሪካ መዛኝ ነበረች። ትራክተሩ ጋሪውን እየጎተተ ከትልቁ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ እሷ ከቢሮዋ ወርዳ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጥጡ ውስጥ ትከታለች፤ ታሸታለች፤ ከዚያ ቁጥሩን ትጽፋለች። ጎህ ሳይቀድ ጥጡን በጎማ ውኃ ያጠጣ ገበሬ አጋጥሟታል። አሸዋ የበተነም፣ የአሮጌ ሞተር ብረት የቀበረም አጋጥሟታል። አንዱ አማቹን ጥጡ ሥር አስተኝቶ ሊያስመዝን መጣ። ጋሩፋልያ ጋሪውን ዞር ዞር ብላ አየችና «ይኼ ጥጥ ያስነጥሰዋል። አውርዱትና ወተት አጠጡት፤ ከዚያ እንደገና እመዝናለሁ» አለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ሰው ልጅ የነበራት አስተያየት አጭር ነበር። ሰው በሁለት ይከፈላል፤ ያጎደለና ለማጉደል ያልተመቸው። መንደሩም በበኩሉ አይወዳትም ነበር። «ሚዛኗ መጣች» ይባባላል ስታልፍ፤ ወሬውንም ይቆርጣል።

ጡረታ በምትወጣበት ዓመት፣ ሊኩርጎስ የሚባል የቴብስ ጥጥ ነጋዴ ሦስት ጋሪ ይዞ መጣ። ጥጡ እርጥብ ነበር። ጋሩፋልያ ከክብደቱ ላይ ከመቶ አሥራ አራት እጅ ቀነሰችበት።

«እናንተ ፎኪሶች» አላት ሊኩርጎስ ደረሰኙን እያጣጠፈ፣ «የአምላክን ቤት ዘርፋችሁ በልታችሁ፣ ዛሬ በእኔ ላይ ጻድቅ ሆናችሁ?»

«ማን ነው የዘረፈው?»

«ቅድመ አያቶችሽ ናቸዋ። ዴልፊን አራግፈው ወርቁንም ብሩንም አቀለጡት። ያተሙት ገንዘብ ደግሞ ግማሹ መዳብ ነበር ይባላል። ሌባ ሲሰርቅም አይጠግብ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም ይላል።»

«ሁሉም መዝኗል?»

ሊኩርጎስ ሳቀ። «አንቺ ጡረታ ልትወጪ አይደል፤ ሂጂና መዝኚዋ።»

ሄደች። ማክሰኞ ማክሰኞ በአውቶቡስ ላሚያ ከተማ ወደሚገኘው ቤተ መጻሕፍት እየተመላለሰች፣ በወፍራም ክር የተሰፋ ደብተር እየሞላች፣ በሁለት ክረምት ውስጥ መምህራኑ እንኳ የማያውቁትን አወቀች። ያወቀችውን እዚህ ላይ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይገባል፤ ታሪኩ በእውነት ደስ የሚል ስለሆነ።

ፎኪስ ትንሽ አገር ነበረች፤ በፓርናሶስ ተራራ ወገብና በዚሁ በኪፊሶስ ሜዳ ላይ የተበተኑ ከሃያ ብዙም የማይበልጡ ከተሞች። ከተሞቹ እያንዳንዳቸው ትንንሽ ቢሆኑም ገንዘባቸው አንድ ነበር፤ በአንድ በኩል ፊት ለፊት የሚያይ የኮርማ ራስ፣ ቀንዱና ጆሮው ሳይቀር። ጎረቤቶቻቸው የቴብስ ሰዎች ገንዘባቸው ላይ ጋሻ ነበር የሚቀርጹት። ከዕለታት አንድ ቀን፣ የዴልፊ ጉባኤ ፎኪሶችን የተቀደሰ መሬት አርሳችኋል ብሎ ሊከፍሉት የማይችሉት ቅጣት ጣለባቸው። ከጉባኤው ጀርባ ማን እንዳለ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ ቴብስ ነበረች። ፎኪሶችም ቅጣቱን ከመክፈል ይልቅ ዴልፊን ራሷን ያዟት። መጀመሪያ የቤተ መቅደሱን ሀብት አንነካም ብለው ማሉ። ቀጥሎ ተበደሩ። ቀጥሎ መበደሩን ትተው ወሰዱ። ነገሥታት ያስገቡትን የስለት ዕቃ ሁሉ፣ ማሰሮውን፣ አክሊሉን፣ ሐውልቱን አቅልጠው፣ ለቅጥር ወታደር የሌላውን አንድ ተኩል እጥፍ እየከፈሉ አሥር ዓመት ተዋጉ። በመጨረሻ ተሸነፉ። ከተሞቻቸው ፈረሱ፤ ከሃምሳ ቤት በማይበልጡ መንደሮች ተበትነው እንዲኖሩ፣ የወሰዱትንም በየዓመቱ እንዲመልሱ ተፈረደባቸው።

ጋሩፋልያን ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቃት አንድ ነገር ነው። ከጦርነቱ በፊት የታተመው ትንሽ ብር ከኮርማው ጀርባ የሴት ራስ አለበት። በጦርነቱ ዘመን የታተመው ግን የዴልፊው አምላክ የአፖሎ ራስ ነው፤ የቅጠል አክሊል ደፍቶ፣ ከኋላው ክራር ይዞ። የአምላኩን ቤት አራግፈው፣ የአምላኩን ዕቃ አቅልጠው፣ የአምላኩን ፊት አተሙበት። ጋሩፋልያ ይህን ስታነብ ብቻዋን ሳቀች፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ቀና ብሎ አያት።

«ምነው እትዬ?»

«አማቹን ጥጥ ሥር ያስተኛ ሰውዬ ትዝ አለኝ» አለችው።

እንግዲህ የእሷ ዘዴ ቀላል ነው። የትንሿ ብር፣ የግማሽ ድራክማ ማለት ነው፣ ሙሉ ክብደት ሦስት ግራም ገደማ ነበር። ከጦርነቱ በፊት የታተሙት፣ መጽሐፍ ውስጥ የተዘረዘሩት፣ በአማካይ ሁለት ነጥብ ዘጠና ስድስት ይመዝናሉ። አፖሎ ያለባቸው ከዚህ በግልጽ ካነሱ ፎኪሶች አጉድለዋል፤ ካላነሱ አላጎደሉም። መዳብ ቢቀላቅሉስ? እሱም ቢሆን ይታወቃል፤ መዳብ ከብር ይቀላልና በዚያው ማኅተም፣ በዚያው ውፍረት የተመታ ገንዘብ ሚዛን ላይ ይጎድላል። አንድ ሁለት ሳንቲም አይበቃም። ብዙ ያስፈልጋል፤ ማንም ያልነካካው መሆን አለበት። እሷም የግራም መቶኛ የሚለይ የወርቅ ሠሪ ሚዛን በሠላሳ ስምንት ዩሮ ገዝታ በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሳንቲም በፓሊዮሚሎስ አይጠፋም። ማረሻው በየመኸሩ ያወጣል። ሕጉ ያገኘ ሰው ለመንግሥት ያስረክብ ይላል፤ መንደሩ ደግሞ በካልሲ ቋጥሮ ኮመዲኖ ውስጥ ያስቀምጣል። ጋሩፋልያ ከቤት ቤት እየዞረች ለመነች። ለመንግሥት እንደማትናገር በእናቷ መቃብር ማለች። መጀመሪያ የከፈተላት ፓራስኬቫስ የሚባል ባለ ትራክተር ነበር። ሦስት ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ደረደረላት፤ እንደ መስታወት ያበራሉ።

«ምን አደረግሃቸው?» አለች ጋሩፋልያ፤ ገና ሳትነካቸው።

«አጠብኳቸው። በሎሚና በአመድ። እንደ ሁሉ ዕቃ፣ በየሕማማቱ ሳምንት።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። አባቴም ያጥባቸው ነበር። ፋሲካን ቆሽሸው ይቀበሉት?»

ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሁለት ነጥብ አርባ። ሁለት ነጥብ ሃያ ሦስት። ሦስተኛው ላይ ኮርማው ኮርማ መሆኑ ቀርቶ የተላጠ ድንች መስሏል።

«ፓራስኬቫስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይኼ ብር ሁለት ሺህ ዓመት ጭቃ ውስጥ ሲኖር ምንም አልሆነም። አንተ በሎሚ ጨረስከው።»

«ታዲያ ቆንጆ አልሆነም?»

«ሆኗል። ለአሣ ማባበያ።»

በአሥራ አንድ ቤት አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም መዘነች። ሁሉም በሎሚ ተልጧል። በኛ አገር በሕማማት ሳምንት ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይፈተጋል፤ የበር እጀታ፣ መቅረዝ፣ ማንኪያ፣ የሟች ባል ሜዳይ። ጋሩፋልያ ደብተሯ ላይ አሥራ ዘጠኙንም ጽፋ በአንድ መስመር ሰረዘቻቸው። ከሥሩ «የጎደለው በሎሚ ይሁን በፎኪሶች አይታወቅም» ብላ አሰፈረች። ቴብሶች አገሩን አቃጥለው ሊያጠፉት ያልቻሉትን ማስረጃ የፎኪሶች ዘሮች በአንድ ሎሚ አጠፉት ብላ ለወር ያህል ከሰው አልተነጋገረችም። ማንም ልብ ያለ አልነበረም።

አንድ ቦታ ግን ሎሚ አልደረሰም። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ከእመቤታችን ሥዕል በስተግራ፣ በሚስማር የተመታ የመስታወት ሣጥን አለ። ሌባ ከገባ በኋላ በጋሩፋልያ አያት ዘመን የነበሩ ሰዎች በሚስማር ቸነከሩት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልከፈተውም። ውስጡ የስለት ዕቃ ሞልቶታል፤ እግር፣ ዓይን፣ ጡት፣ ሕፃን የተቀረጸባቸው ቀጫጭን የብር ቅጠሎች፣ ቀለበት፣ ሰንሰለት። ከታች ደግሞ አንዲት ልጇ የዳነላት እናት ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ያስገባችው የሙሽራ የደረት ጌጥ ተዘርግቷል። ጌጡ ላይ ሰባት ትንንሽ ብሮች አሉ፤ ሰባቱም አፖሎ።

ያውም ያልተበሱ። ሌላ አገር የሙሽራ ሳንቲም ይበሳል። በእኛ ሜዳ ግን ፊት ያለበት ሳንቲም አይበሳም፤ ፊት መብሳት የሰው ዓይን መብሳት ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ሴቶቹ እያንዳንዱን ሳንቲም በክር መረብ ሸፍነው ነበር የሚሰፉት። ጋሩፋልያ ይህን ልማድ ዕድሜ ልኳን የአሮጊቶች ወሬ ስትል ኖራለች። አሁን አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ተጭና ስታየው አሮጊቶቹን በልቧ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያም ወደ ቄሱ ቤት ሄደች።

ቄስ አንቲሞስ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሊቀመንበሩ እስኪመጣ ድረስ ነው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አሲማኪስ ድሮሶስ ይባላል። ሰፊ የጥጥ መሬት አለው። ጋሩፋልያ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ጊዜ እርጥብ ጥጥ ይዛበታለች፤ ቁጥሩን ሁለቱም ያውቁታል።

«ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለች ጋሩፋልያ። «አባቴ፣ ሣጥኑን ይክፈቱልኝ፣ ሰባቱን ልመዝን፣ ተመልሶ ይዘጋ።»

ቄሱ አጠገባቸው የተቀመጠውን አሲማኪስን አዩት።

«አይሆንም» አለ አሲማኪስ። «በፍልሰታ ሥዕሉ አዲስ የብር ልባስ ይለብሳል። የሣጥኑ ብር ሁሉ ይቀልጣል። ጉባኤው ወስኗል።»

«ሳንቲሞቹም?»

«ሁሉም ብሏል ጉባኤው። አንቺ ስትመዝኚ፣ ስትጽፊ፣ ደብተሩ አንድ ቀን መንግሥት ጋ ይደርሳል። ቅርስ ደብቃችኋል ተብለን እኔና አባ እስር ቤት እንድንገባ ነው? ከቀለጠ በኋላ ብር ነው። ብር ወንጀል የለበትም።»

«አሲማኪስ፣ ለእመቤታችን በስለት የገባ ነው እኮ።»

«ለእመቤታችን የገባ ለእመቤታችን ልባስ ይሆናል። ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

«የዴልፊውም ለአፖሎ ነበር የገባው። የአፖሎ ፊት አደረጉት። እነሱም እንዳንተው ነው ያሰቡት።»

«እነሱ አረመኔዎች ነበሩ።»

«አዎ። ግን ጉባኤ አልጠሩም» አለችና ወጣች።

ለቅርስ ጥበቃ ቢሮ ደብዳቤ ጻፈች፤ የየቤቱን ሳንቲም ሳታነሳ፣ ስለ ሣጥኑ ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ጉዳይዎ ተመዝግቧል ይላል፤ የመዝገብ ቁጥር አለው። ሌላ ምንም የለውም። ስልክ ስትደውል ጉዳዩን የያዘው ሰው ዕረፍት ላይ ነው፣ ከፍልሰታ በኋላ ይመለሳል አሏት። ጋሩፋልያ ደብዳቤውን እንደ ደረሰኝ አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች።

በሌላ በኩል ግን መንደሩ ችግር ገጥሞት ነበር። አንጥረኛው ከሊቫድያ ይመጣል፤ ዚሲስ ይባላል። ብሩን ወስዶ ቤቱ ቢያቀልጠው ማን ያምነዋል? ስለዚህ በልማዱ መሠረት ሕዝቡ እያየ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይቀለጣል። ከመቅለጡ በፊትም፣ ከቀለጠ በኋላም ይመዘናል። ታዲያ ማን ይመዝን? አሲማኪስ ልመዝን ሲል ሴቶቹ ሳቁ። ዚሲስ በራሴ ሚዛን ሲል ወንዶቹ ሳቁ። ፓራስኬቫስ ተጠቆመና እሱ ራሱ ሳቀ። መንደሩ አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደሚንቅ የዚያን ቀን ያህል ታይቶ አያውቅም። በመጨረሻ አሲማኪስ በአጥሯ በኩል ቆሞ ተጣራ።

«እትዬ ጋሩፋልያ።»

አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እትዬ ብሏት አያውቅም።

«አቤት ጋሼ አሲማኪስ» አለች እሷም፤ ቲማቲሟን ማጠጣቷን ሳታቆም።

«ለቅዳሜ መዛኝ ያስፈልጋል።»

«አንተ አለህ አይደል።»

«ሰው አንቺን ነው የሚለው።» ይህን ሲናገር መድኃኒት የዋጠ ይመስል ነበር።

«እመዝናለሁ። ግን በጅምላ አልመዝንም። አንድ በአንድ። በደብተር። ጮክ ብዬ እያነበብኩ።»

«አራት መቶ ዕቃ አንድ በአንድ?»

«በጅምላ የምፈልግ ብሆን ኖሮ የአንተን ጥጥ ሠላሳ ዓመት አልፈትሽም ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። ሚስማሮቹ ተነቀሉ። ጋሩፋልያ ከጥላው ሥር ጠረጴዛዋን አስተካክላ፣ ንፋስ እንዳያወዛውዘው ሚዛኑን በካርቶን ከልላ፣ አንድ በአንድ መዘነች። እግር፣ አሥራ አንድ ግራም። ዓይን፣ ስድስት። ሕፃን፣ አሥራ አራት። ሰው ተሰላችቶ ወደ ጥላው ሸሸ። ከቀትር በኋላ የሙሽራው ጌጥ ደረሰ። መቀሷን አውጥታ የክሩን መረብ በጥንቃቄ ቆረጠች። የመጀመሪያው ብር በእጇ መዳፍ ላይ ወደቀ። ጥቁር ነበር፤ ጥቁረቱ የዘመን ጥቁረት ነው፣ ማንም ያልነካው፤ የአፖሎ አክሊል ቅጠል በቅጠል ይታያል።

«ሦስት ነጥብ ዜሮ አንድ» ብላ አነበበች።

ቀጠለች። ሁለት ነጥብ ዘጠና ሰባት። ሁለት ነጥብ ዘጠና ዘጠኝ። ሦስት ነጥብ ዜሮ ሁለት። ሁለት ነጥብ ዘጠና አምስት። ሁለት ነጥብ ዘጠና ስምንት። በደብተሯ ጥግ አማካዩን ሠራች፤ ሦስት ግራም ሊሞላ ከአንድ የስንዴ ቅንጣት ያነሰ ነው የጎደለው። በቤተ መቅደስ ዘራፊነታቸው ዓለም ያወገዛቸው ሰዎች፣ ከተማቸው ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ለማንም ወሮበላ ወታደር ሙሉ ብር ይከፍሉ ነበር። ጋሩፋልያ በዕድሜዋ ያላጎደለ ሰው ያገኘችው ያኔ ነው፤ ሌቦቹ ነበሩ።

ሰባተኛው ሁለት ነጥብ ሠላሳ ስድስት መዘነ።

አገላብጣ አየችው። ጠርዙ ላይ ብሩ ተልጦ አረንጓዴ ዝገት ይታያል። መዳብ ነው፤ ላዩን በብር የተለበጠ። ጥንት ያው እንደ አሁን አጭበርባሪ ነበረ፤ ይህንን የሠራው የፎኪስ ማተሚያ ይሁን አንድ ጓሮ የተቀመጠ አንጥረኛ፣ ከአንዱ ሳንቲም መለየት አይቻልም። እሱንም ጻፈችው። የጎደለ ስለሆነ አልጽፈውም ማለት እሷ የምትችለው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ሕዝቡ እያየ ከቦርሳዋ የእናቷን የብር የሻይ ማንኪያ አውጥታ ሚዛኑ ላይ አኖረች።

«ሃያ ሁለት ነጥብ አርባ» አለች። «ሰባቱ ሳንቲም ሃያ ነጥብ ሃያ ስምንት ነው። ማንኪያውን ለእመቤታችን እሰጣለሁ፤ ሳንቲሞቹ ይቅሩና ሙዚየም ይግቡ። ሥዕሉ ከሁለት ግራም በላይ ያተርፋል። ማንም አይጎዳም።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። ጋሩፋልያ በሕይወቷ ለምና አታውቅም፤ ይህ ልመና መሆኑን ግቢው ሁሉ ገባው።

«ስለት አይለወጥም» አለ አሲማኪስ። «እናትየዋ የተሳለችው ያንን ነው እንጂ ያንቺን ማንኪያ አይደለም። አባቴ፣ ዛሬ በማንኪያ ከተለወጠ ነገ በሹካ ይለወጣል።»

«እውነቱን ነው» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «ለጣዖት ፊት ብላ የእመቤታችንን ልትነጥቅ?»

«የጣዖት ፊት እመቤታችን ላይ ሊለጠፍ ነው እኮ የምትሉት» አለች ጋሩፋልያ።

«ሲቀልጥ ፊት የለውም» አለ አሲማኪስ።

ቄሱ አሲማኪስን አዩት፤ ቀጥሎ ሕዝቡን አዩ፤ ቀጥሎ መሬቱን። «ጉባኤው ወስኗል ልጄ» አሉ።

ይቻላት ነበር። ሚዛኑ የእሷ፣ ደብተሩ የእሷ፣ የሚያምኑትም እሷን ብቻ ነው። ሰባቱን እጅጌዋ ውስጥ ጨምራ ሃያ ግራም ሌላ ቦታ ላይ ብትደምር፣ ከአራት ኪሎ ውስጥ ማን ያገኘዋል? ፓራስኬቫስ በኋላ ቡና ቤት «እኔ ብሆን አደርገው ነበር» ሲል ሁሉም «እናውቃለን» አሉት። እሷ ግን ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ሰሃኑ ላይ ደርድራ ለዚሲስ ሰጠች።

ዚሲስ ጨበጣቸው፣ አገላበጠ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ።

«ይኼማ መዳብ ነው። ይኼንን እሳቴ ውስጥ አልከተውም። የእመቤታችንን ልባስ በአስመሳይ ላርክስ?» ብሎ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረላት። «ያዢው እትዬ፤ ፈልገሽ አልነበር።»

ግቢው ሳቀ። አሲማኪስም ሳቀ፤ የአርባ ሦስቱን እርጥብ ጥጥ ቂም ሁሉ የተወጣ ያህል። ስድስቱ ሙሉ ብሮች ከእግሮቹና ከዓይኖቹ ጋር ወደ ማቅለጫው ገቡ። ጋሩፋልያ እስኪጠናቀቅ ድረስ ቆማ አየች፤ የቀለጠውን መዘነች፤ በአንጥረኛውና በጉባኤው ፊት ፈረመች። ማንኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

በሳምንቱ ልባሱ ለበዓል ደረሰ። ቀጫጭን አበቦች ያሉት፣ ከሩቅ ቆርቆሮ የሚመስል ነገር ነው። መንደሩ በጣም አምሯል አለ።

ጋሩፋልያ የተረፈላትን ሳንቲምና ደብተሩን ይዛ ወደ ሙዚየሙ ሄደች። አንድ መነጽራም ባለሙያ ተቀበላት። ሳንቲሙን በአጉሊ መነጽር አይቶ በጣም ደስ አለው። የተለበጠ የፎኪስ ገንዘብ ከነመገኛው፣ ከነታሪኩ በየቀኑ አይመጣም አላት። ደብተሩን ግን አንድ ገጽ አገላብጦ መለሰላት።

«ይኼ ክብደት ብቻ ነው እትዬ።»

«ስድስት ሙሉ ክብደት። ከዚሁ ጋር አብረው የተሰፉ።»

«የታሉ?»

«ቀለጡ።»

«ፎቶስ?»

«ፎቶ አልነበረም። ምስክር ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው።»

«ሁለት መቶ ሰው ምን ያውቃል?» አለ ባለሙያው በትሕትና፤ ትሕትናውም ከስድብ ይብስ ነበር። «ዕቃ የሌለው ክብደት ወሬ ነው። እኛ የምንመዘግበው ያለውን ነው።»

ያለው ደግሞ አስመሳዩ ነው። አሁን መስታወት ውስጥ በትንሽ መብራት ሥር ተቀምጧል። ከሥሩ «ፎኪስ፣ የጦርነቱ ዘመን፣ በብር የተለበጠ መዳብ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከፎኪስ ሐቀኝነት አንዲት ግራም ሳትተርፍ፣ አጭበርባሪነቷ ብቻ ተርፎ ሰው ሊያየው ትኬት ይቆርጣል። ጋሩፋልያ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስህተት የለበትም። እሷን ያናደዳትም ስህተት አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ በስልክ ፎቶ ማንሳት አስተምራታለች፤ ሁለቱንም ገጽ፣ ጠርዙንም፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋ፣ ሚዛኑ ቁጥሩን እያሳየ። በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ትወጣለች። በኪፊሶስ ሜዳና በፓርናሶስ ሥር ያሉ፣ የተቸነከረ የስለት ሣጥን ያላቸውን ቤተ ክርስቲያኖች ስም ጽፋለች፤ ሃያ ስድስት ናቸው። የሰበካ ጉባኤዎቹ ሁሉ የፓሊዮሚሎስን አዲስ ልባስ አይተው እየቀኑ ስለሆነ ቀድማ መድረስ አለባት። ስምንቱ አባርረዋታል። ሁለቱ ከፍተውላት ምንም አልተገኘም።

ዛሬ አሥራ አንደኛው ላይ ናት፤ ከመንገዱ ወደ ላይ የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ሰባት ቤት ብቻ ያለበት መንደር። ቁልፉን የያዘችው ላምብሪኒ የምትባል አሮጊት ናት፤ በሩ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሷ ታያታለች።

«ከየት ነሽ?»

«ከፓሊዮሚሎስ።»

«እነዚያ ስለታቸውን አቅልጠው የበሉት?»

«እነሱው ናቸው።»

«አንቺስ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልመዝን።»

ላምብሪኒ ሣጥኑን አየች፤ ሚዛኑን አየች፤ ጋሩፋልያን አየች። «አባ ሰባት ወር አልመጡም» አለች በመጨረሻ። «ጉባኤው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሞተዋል። ሳንቲም አለው የለው እኔም አላውቅም። አንድ ነገር ብትጎድል ግን በዱላ ነው የማወርድሽ።»

«ጥሩ። ዱላውን አምጪና አጠገቤ ቁጭ በይ» አለች ጋሩፋልያ፤ ከቦርሳዋ ጉጠት አውጥታ የመጀመሪያውን ሚስማር ያዘች። ዝጓል፤ አይነቃነቅም። ዘይት ጠብ አድርጋበታለች፤ እስኪርስ እየጠበቀች ነው።